ታሞ የከረመ ተማሪ ይቀጥል ወይስ ያቋርጥ? የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናና የትምህርት ዓመት



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ አስቸጋሪ ውሳኔ ነው። ለወራት በሚዘልቅ ሕመም ተይዞ በማገገም ላይ ያለ ተማሪ ትምህርቱን ይቀጥል ወይስ ያቋርጥ? ጥያቄውን በሳንባ ነቀርሳ ምሳሌ ላብራራው እወዳለሁ፤ በሽታው ብዙ ወጣቶችን በትምህርት ዕድሜያቸው የሚይዝ፣ ሕክምናውም ከአንድ የትምህርት መንፈቅ የሚረዝም ነውና።

ምሳሌዬ ከገረሴ ነው። ለረጅም ዘመን የቦንኬ ወረዳ መቀመጫ የነበረችው ይህች ከተማ ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በጋሞ ደጋ ላይ ትገኛለች። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ተማሪ በከተማዋ ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። እኔም እንዲሁ ስማር፣ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የሳንባ ነቀርሳ ተገኘብኝ።

አባቴ «ነፍስ ከተረፈ ትምህርት ይደረሳል፤ ወደ ቤት ግባና ዕረፍ» አለኝ። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ሕክምናው 8 ወር ይፈጅ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ደግሞ መድኃኒቱ በየቀኑ በጤና ባለሙያ ፊት መዋጥ ነበረበት። መድኃኒቱ የሚገኘው በከተማዋ ሲሆን ቤታችን የ3 ሰዓት የእግር መንገድ ይርቅ ነበር። ጉዳዩን ያስተዋለችው እናቴ ናት፤ ቆጮዋን ተሸክማ ወደ ኪራይ ቤቴ መጣችና አብራኝ ተቀመጠች። አብሮኝ ይኖር የነበረው ልጅ ተመርምሮ ነፃ በመሆኑ ለጊዜው ወደ ሌላ ቤት ተዛወረ። 3 ሳምንት ከክፍል ቀረሁ። ከዚያም በጤና ባለሙያው ፈቃድ፣ ጠዋት መድኃኒቴን ውጬ ወደ ክፍል መግባት ጀመርኩ። የዓመቱ ውጤቴ ዝቅ አለ፤ ቢሆንም ወደሚቀጥለው ክፍል አለፍኩ።

በዚያው ዓመት አንዲት የክፍል ጓደኛችን በዚሁ በሽታ ተይዛ ለማረፍ ወደ ቤተሰቧ ሄደች። ለእያንዳንዱ ቀን መድኃኒት ዳገትና ቁልቁለት መመላለስ ግድ ሆነባት። በሁለተኛው ወር ሳሉ ሲቆምላት የዳነች መሰላት፤ መመላለሱንም ተወች። በሽታው ተመልሶ ያዛት። ወደ ክፍልም አልተመለሰችም። በመዝገቡ ላይ ከስሟ አጠገብ የቀረው ቃል «አቋረጠች» የሚል ብቻ ነው።

ከሁለቱ ታሪኮች የምወስደው ትምህርት እያንዳንዱ ሕመምተኛ በክፍል ይቆይ የሚል አይደለም። ትምህርት ቤት መቅረት ሕመምተኛውን ወደ መድኃኒቱ፣ ወደ ምግቡና ወደ እንቅልፉ ያቀርበዋል ወይስ ያርቀዋል ብለን አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል ነው። ለእኔ ትምህርት ቤቱና መድኃኒቱ በአንድ ከተማ ነበሩ፤ ትምህርቱን መተው ከመድኃኒቱ መራቅ ይሆን ነበር።

«ዕረፍት ያድናል» የሚለው እምነት የራሱ ታሪክ አለው። ሮበርት ኮኽ የበሽታውን ባክቴሪያ ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በ1882 ካስታወቀ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት ፍቱን መድኃኒት ስላልነበረ፣ ሕመምተኞች በልዩ ማረፊያ ሆስፒታሎች ለወራት ይተኙ ነበር። መድኃኒት ከተገኘ በኋላ በማድራስ፣ በዛሬዋ ቼናይ፣ አንድ ጥናት ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ተመሳሳይ መድኃኒት እየወሰዱ በድሃ ቤታቸው የታከሙት፣ የተሻለ ምግብና ዕረፍት አግኝተው በሆስፒታል ከተኙት ጋር የሚቀራረብ ፈውስ አገኙ። ዕረፍትና ምግብ ሰውነትን ይደግፋሉ፤ ባክቴሪያውን የሚገድለው ግን ሳይቋረጥ የሚወሰድ መድኃኒት ነው።

በአገራችንም መድኃኒቱን ወደ ሕመምተኛው ማቅረብ ፍሬ አፍርቷል። በሲዳማ፣ በዳሌና በወንሾ ወረዳዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በተሳተፉባቸው ቀበሌዎች ሕክምናቸውን በስኬት የፈጸሙት 89 በመቶ ያህል ሲሆኑ በሌሎቹ 83 በመቶ ያህል እንደነበሩ አሳይቷል።

ዛሬ መድኃኒቱን ያልተላመደ የሳንባ ነቀርሳ በተለመደው ሕክምና በ6 ወር ይታከማል፤ 4 መድኃኒቶች ለ2 ወር፣ ከዚያም 2 መድኃኒቶች ለ4 ወር ይሰጣሉ። ስለዚህ ውሳኔው ለዓመት በአንድ ጊዜ የሚቆረጥ መሆን የለበትም፤ በየደረጃው ሊታይ ይገባዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚቀድመው ጥያቄ የመተላለፍ ጉዳይ ነው፤ ሕክምናው በትክክል ሲጀመር በሽታውን የማስተላለፍ አቅም በፍጥነት ይቀንሳል፤ ወደ ክፍል የመመለሻውን ቀን የሚወስነው ግን የጤና ባለሙያ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የአቅም ጉዳይ ነው፤ ክብደቱ መመለስ የጀመረ፣ ትኩሳቱ የቀነሰ ተማሪ ትምህርቱን አቅልሎ መቀጠል ይችላል። በአንጻሩ ደም የሚያስለው፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ዕይታው የደበዘዘ ወይም መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ የተገኘበት ሰው ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ትምህርቱን ማቆየት ይኖርበታል።

ማቆየት ግድ ሲሆን ደግሞ በጽሑፍ ይሁን። ሕመማቸውን ለማንም ሳይነግሩ ከክፍል የጠፉ፣ ምክንያታቸው ባለመመዝገቡ መመለስ የከበዳቸው ተማሪዎችን በማስተማር ዘመኔ አግኝቻለሁ። የሐኪም ማስረጃ አቅርቦ፣ በጊዜው የመልቀቂያ ቅጽ ሞልቶ፣ የመመለሻውን ጊዜ አስመዝግቦ የወጣ ተማሪ በሩን ክፍት ትቶ ይሄዳል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ የመመለሻ በርም የለውም ብል ማጋነን አይሆንም።

በጋሞ ከባድ ጉዳይ በዱቡሻ ተቀምጠው ይመክሩበታል። ይህም ውሳኔ ምክር ይሻል። ተማሪው ድካሙን፣ ቤተሰቡ አቅሙን፣ የጤና ባለሙያው የበሽታውን ደረጃ፣ መምህሩም ሊቀልና ሊካካስ የሚችለውን ትምህርት ያውቃል። አንዳቸው የሚያውቁትን ሌላው አያውቅምና አራቱ ሳይነጋገሩ የሚቆረጥ ውሳኔ ጎደሎ ነው። እናንተም ነገ መምህራንና ሐኪሞች ስትሆኑ በስም መዝገብ ላይ «አቋረጠ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ።