ስልኩን መስኮት ላይ አድርጉት

«ስልክህን ሞደም አድርገው፤ ኢንተርኔቱ እጥፍ ይፈጥናል» የሚለው ምክር በአርባ ምንጭ ከሲቀላ እስከ ሴቻ ይዞራል። አይፈጥንም። ላፕቶፑ የሚያገኘው ስልኩ ከታወር የተቀበለውን ነው፤ ትርፉ ከየት ይመጣል? ሆትስፖት አከፋፈቱን ሁሉም ስለሚያውቀው ልለፈው። ምክሩ የሠራላቸው ሰዎች ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው መስኮት ላይ ያኖሩት ናቸው።

የ4ጂ ታወር አየሩን በየሚሊሰከንዱ እየከፋፈለ ለተጠቃሚዎች ያድላል። ስልኩ የሚደርሰው ሲግናል ምን ያህል ጥራት እንዳለው ሳያሰልስ ለታወሩ ያሳውቃል፤ ታወሩም በዚያው ልክ ይጭንለታል። ጥራቱ ሲያምር በአንድ የሬዲዮ ምልክት 6 ቢት፣ ሲበላሽ 2 ቢት ብቻ። ሙዝ ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ አይሱዙ መንገዱን ፈርቶ ሲሶ ጭነት ብቻ ይዞ እንደሚነሣ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሲግናሉ ሲደክም ለስህተት ማረሚያ የሚላኩ ቢቶች ይበዛሉ፤ ተበላሽቶ የደረሰውም እንደገና ይላካል።

ስለዚህ ቦታ ምረጡ። ወደ ጫሞ የሚያይ መስኮት ለዓይን ደስ ይላል፤ ሐይቁ መሃል ግን ታወር አልተተከለም። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» በሚለው ሥር የሲግናል ጥንካሬ በዲቢኤም ይገኛል። ከኔጌቲቭ 115 ወደ ኔጌቲቭ 85 ካደረሳችሁት፣ ስልኩ የሚቀበለው ኃይል 1000 እጥፍ አድጓል። ፍጥነቱ ግን 1000 እጥፍ አያድግም፤ እዚህ ላይ እኛ ቴክኒክ ወዳዶች እናጋንናለን። የሁለት ታወሮች ሲግናል እኩል የሚደርስበት ቦታ ላይ ጥንካሬው ከፍ ብሎ ጥራቱ ሊወርድ ይችላል። ምሽት ሁሉም ቪዲዮ ሲከፍትም ድርሻችሁ ራሱ ይቀንሳል፤ ለዚያ መስኮት አይረዳም።

ከስልክ ወደ ላፕቶፕ ያለችው አጭር መንገድም ትሰናከላለች። ብሉቱዝ አትጠቀሙ፤ በወረቀት ላይ እንኳ ከ3 ሜጋቢት ብዙም አያልፍም። ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሲሆን እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎች 3 ብቻ ናቸው፤ ተማሪው ሁሉ ሆትስፖት በከፈተበት የጫሞ ካምፓስ ዶርም ውስጥ የዩኤስቢ ገመድ ይሻላል። ስልኩንም ቻርጅ ያደርጋል።

«ሆትስፖት ፓኬጅ ይበላል» ለሚሉትም፦ የሚበላው ዊንዶውስ ነው፤ ሳታዩት አፕዴት ያወርዳል። የዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ግንኙነቱ በዳታ የሚከፈልበት መሆኑን ምረጡለት፤ አብዛኛውን ማውረድ ያቆማል።