«ቀበሌው በላው» እና ሌሎች የስብሰባ ወሬዎች

በሰፈር ስብሰባ ስለ ጤና ጣቢያ፣ ስለ ሕዝብ መጸዳጃ ቤት ወይም ስለ ኮብልስቶን መንገድ ወጪ የሚነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ተገቢ ነው። የሚጠየቀው ሰው ግን ሌላ ነው፤ ጊዜውም አልፏል። ለዚህ ከሚዳርጉት እምነቶች ጥቂቶቹን እንይ።

«ገንዘቡን ቀበሌው በላው»

በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ቀበሌ የራሱ በጀት የለውም። ከ1994 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በትልልቆቹ ክልሎች ጥቅል በጀት በቀመር ተሰልቶ የሚላከው ለወረዳ ነው፤ የሚያጸድቀውም የወረዳው ምክር ቤት ነው። ከዚያ ውስጥ ሰፊው ድርሻ ለደሞዝ ይሄዳል። የቀበሌ ሊቀመንበሩ ላይ መጮህ ልብ ያሳርፍ ይሆናል እንጂ መልስ አያመጣም፤ ሰነዱ ያለው ወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ነው። ከነዋሪው የተሰበሰበ መዋጮ ሲሆን ግን ቀበሌውም አያመልጥም፤ ደረሰኝ የቆረጠ ሁሉ ይጠየቅበታል።

«ሕንፃው ይሠራ እንጂ ሌላው አይጠፋም»

ይጠፋል እንጂ! ግድግዳውና ጣሪያው የሚሠሩት ከካፒታል በጀት ነው። የነርሷ ደሞዝ፣ መድኃኒቱ፣ የውኃና የመብራት ሒሳቡ፣ የጥበቃው አበል ደግሞ ከመደበኛው በጀት ይወጣሉ። አንዱ ሲመደብ ሌላው አብሮ ይመደባል ማለት አይደለም። ሪባን ተቆርጦለት ሲያበቃ በሩ ላይ ቁልፍ የተንጠለጠለበትን መጸዳጃ ቤት ያየ ሰው «ተሰርቋል» ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ግን አንዲት ሳንቲም ሳትሰረቅም፣ የጽዳት ሠራተኛ የሚቀጠርበት መደብ ስላልተያዘ ብቻ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ግንባታው ገና በዕቅድ ላይ ሳለ «ስንት ይፈጃል?» ከሚለው ይልቅ የሚያስጨንቀው ጥያቄ «ከተከፈተ በኋላ በየዓመቱ ስንት ይፈልጋል? ከየትኛው መደብ?» የሚለው ነው። ይህን የሚጠይቅ ነዋሪ ብዙ አላየሁም፤ የምክር ቤት አባላትም ቢሆኑ ከሕንፃው ቁመት አልፈው ሲጠይቁ እምብዛም አይሰማም።

«ሰኔ ላይ የሚገዛ ሁሉ ሌብነት ነው»

የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ጥድፊያው ከዚያ ይመጣል። ጥድፊያ ለሌባ ይመቻል፤ ቢሆንም በጥድፊያ የተገዛ ወንበር ሁሉ የተሰረቀ አይደለም። የሚያጠራጥረው ወሩ ሳይሆን በጨረታ ስንት ተወዳዳሪ እንደቀረበና ዕቃው በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ መኖር አለመኖሩ ነው።

«ኦዲት ተደርጎ ንጹሕ ወጥቷል»

ይህ የባለሥልጣናት ተወዳጅ መልስ ነው። የሒሳብ ኦዲት የሚያየው ክፍያው ሥልጣን ባለው ሰው መፈቀዱን፣ ደረሰኙ መሟላቱን፣ መዝገቡ መመዛዘኑን ነው። ማንም የማይጠቀምበት አዳራሽም ደረሰኙ ተሟልቶ ሊያልፍ ይችላል። አዳራሹ ያስፈልግ ነበር ወይ፣ ለታሰበለት አገልግሎት ዋለ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የክዋኔ ኦዲት ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሁለቱንም እየሠራ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል፤ ክልሎችም የየራሳቸው ዋና ኦዲተር አላቸው። «ኦዲት ተደርጓል» ሲባሉ «የትኛው ኦዲት?» ይበሉ።

«ተመርቋል፤ አለቀ»

የምረቃ ቀን ጭብጨባ እንጂ ርክክብ አይደለም። በግንባታ ውል መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል ተቋራጩ የታየውን ጉድለት በራሱ ወጪ ያስተካክላል። በመጨረሻም የመጨረሻው ርክክብ ይመጣል። እስከዚያ ድረስ ከክፍያው የተያዘ ገንዘብ አለ፤ በብዙ ውሎች 5 በመቶ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ፣ የፍሳሽ ቱቦው ሲደፈን፣ ኮብልስቶኑ ሲሰምጥ ፎቶ አንሥቶ፣ ቀን ጽፎ፣ ለአሠሪው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ማስገባት ዋጋ የሚኖረው በዚህ ጊዜ ነው። ከመጨረሻው ርክክብ በኋላ ተቋራጩን ማስገደድ ይከብዳል፤ ጥገናው ተመልሶ በወረዳው በጀት ላይ ይወድቃል።

«የበጀት ሰነድ ምስጢር ነው»

የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 በመንግሥት አካላት እጅ ያለ መረጃ ለጠየቀ ሁሉ እንዲሰጥ ይደነግጋል። እንደ አገር ደኅንነትና የግል ሕይወት ያሉ ገደቦች አሉት፤ የጤና ጣቢያ ግንባታ በጀት ግን ከእነሱ ውስጥ አይገባም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ከከለከለም አቤቱታው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። ጥያቄውን በጽሑፍ በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ሲያስገቡ፣ በእጅዎ በሚቀረው ላይ ማኅተምና ቀን ያስመቱበት፤ «መቼ ጠየቅኸን?» ለሚል ኃላፊ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።