ለቤተሰብ የሚሆን አውቶሞቢል፤ አዲስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ?

ነጋዴ ለሱቁ ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ ዋጋውን ብቻ ጠይቆ ገንዘቡን አይከፍልም። የማጓጓዣውን ኪራይ፣ የቀረጡን ልክ፣ ዕቃው በመጋዘን የሚቈይበትን ጊዜ፣ በመጨረሻም ስንት ተሸጦ ምን ያህል ትርፍ እንደሚያስገኝ በወረቀት ላይ አስፍሮ ካመዛዘነ በኋላ ነው እጁን ወደ ኪሱ የሚሰደው። ይኸው ሰው ለቤተሰቡ አውቶሞቢል ለመግዛት በተነሣ ጊዜ ግን ይህን መልካም ልማዱን ከሱቁ ትቶት ሲሄድ ይታያል። የቀለሙ ማማር፣ የጎረቤት አስተያየትና የደላላ አንደበት ከሒሳብ መዝገቡ ይልቅ ይሰማሉ። የሚወጣው ገንዘብ ግን ብዙውን ጊዜ በመደርደሪያው ላይ ከተደረደረው ዕቃ ሁሉ ዋጋ የሚያንስ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚታሰበው መካከለኛው የቤት አውቶሞቢል ነው፤ ይኸውም አራት በሮች፣ አምስት ሰው የሚይዙ መቀመጫዎችና ከመቀመጫው ተለይቶ የሚዘጋ የዕቃ ማስቀመጫ ያለው ማለት ነው። ቶዮታ ካምሪና ሆንዳ አኮርድ በዚህ ዐይነት በዓለም ላይ ስም ያተረፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 ለገበያ የቀረበው ቶዮታ ኮሮላ ከእነዚህ በመጠን ጥቂት የሚያንስ ቢሆንም፣ በኢትዮጵያ የቤተሰብ አውቶሞቢል ሲባል በብዙዎች ዘንድ አስቀድሞ የሚታሰበው እርሱ ነው።

የገበያው መለወጥ

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ታክሱ በሞተሩ መጠንና በአውቶሞቢሉ ዕድሜ ልክ እየከበደ እንዲሄድ ስላደረገው፣ አሮጌ አውቶሞቢል ከውጭ አገር በርካሽ ገዝቶ ማስመጣት እንደ ቀድሞው የሚያዋጣ ሥራ መሆኑ ቀረ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2022 በተሰጠው ውሳኔ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነው፣ ተሠርተው ያለቁት 15 ከመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፈልባቸው ተደርጎ ነበር።

ስለዚህም «አዲስ ወይስ ያገለገለ?» የሚለው የቈየ ጥያቄ በአዲስ አበባ ገበያ ሌላ መልክ ይዟል። አዲስ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከቻይና የሚመጣው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሲሆን፣ ያገለገለ የሚባለው ደግሞ ከክልከላው በፊት ገብቶ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው የቤንዚን አውቶሞቢል ነው። ገዢው የሚመርጠው በሁለት ዕድሜዎች መካከል ብቻ ሳይሆን በሁለት ዐይነት ሞተሮች መካከል ጭምር መሆኑ ነው።

አውቶሞቢል የገንዘብ ማስቀመጫ ነውን?

አውቶሞቢል የገዛ ሰው አይከስርም የሚል እምነት በብዙዎች ልብ ጸንቶ ኖሯል። በሌሎች አገሮች አዲስ አውቶሞቢል በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከዋጋው አምስተኛ እጅ ያህል እንደሚያጣ ሲታወቅ፣ በአዲስ አበባ ግን አምስት ዓመት የተነዳው ከተገዛበት ዋጋ በላይ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ሆኖ ቈይቷል። ለዚህም ምክንያቱ የታክሱ ክብደትና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነበር። ነገር ግን ነገሩን አስመጪዎች በሚያውቁት ሚዛን መዝኖ ማየት ይገባል።

በ2011 ዓ.ም ማብቂያ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 29 ብር ገደማ ነበር። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ በዚያን ጊዜ በ870,000 ብር አውቶሞቢል ገዝቶ ነበር እንበል፤ ይህም 30,000 ዶላር ማለት ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ነጋዴው አውቶሞቢሉን ዶላር 120 ብር ገደማ በደረሰበት ጊዜ በ1,800,000 ብር ቢሸጠው 930,000 ብር አተረፍሁ ብሎ ደስ ይለዋል። ሆኖም የተቀበለው ገንዘብ 15,000 ዶላር ብቻ ነው። የብሩ ቍጥር ከእጥፍ በላይ ሲጨምር፣ ገንዘቡ ከውጭ የሚገዛው ዕቃ ግን በእኩሌታ ቀንሷል። አውቶሞቢሉ እንደ ማናቸውም መሣሪያ አርጅቷል፤ እርጅናውን የሸፈነው የብሩ መውረድ ነው።

ለኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ደግሞ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የሊቲየም ባትሪ ዋጋ 90 ከመቶ ገደማ ቀንሷል። ፋብሪካዎቹም በየጊዜው ረዘም ያለ መንገድ የሚሄድ አዲስ ዐይነት ያወጣሉ። አዲሱ በተሻለና በረከሰ ቍጥር አሮጌው ዋጋ ማጣቱ አይቀርም። እንግዲህ አውቶሞቢል ቤተሰብን የሚያገለግል ዕቃ እንጂ ገንዘብ የሚወልድ ሀብት አለመሆኑን አስቀድሞ መቀበል የብልህ ገዢ የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

ያገለገለውን ስለ መመርመር

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ገበያ አንድ ቁም ነገር አስረድቷል፤ በ2001 ለተሰጠው የኖቤል ሽልማትም ያበቃው ይኸው ሐሳብ ነበር። ሐሳቡም እንዲህ ነው፦ ሻጩ የአውቶሞቢሉን ጕድለት ያውቃል፤ ገዢው ግን አያውቅም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ስለማይችል ለሁሉም አማካይ ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይወዳል። በዚህ ጊዜ ጥሩ አውቶሞቢል ያለው ሰው ዋጋው ስለማይበቃው ከገበያው ይወጣል፤ በገበያውም የሚበዛው መጥፎው ይሆናል።

የዚህ መድኃኒቱ ለቡና ላኪዎች እንግዳ አይደለም። ቡና ሳይቀመስ ደረጃው አይታወቅም፤ ቀማሹም የሻጩ ወገን ሊሆን አይገባውም። እንደዚሁም አውቶሞቢሉን የሚመረምረው መካኒክ ደላላው ያመጣው ሳይሆን ገዢው ራሱ መርጦ የከፈለው መሆን አለበት።

መካኒኩም ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ በተለይም በማለዳ፣ አስነሥቶ ማየት ይገባዋል፤ ሻጩ አስቀድሞ ያሞቀው ሞተር ብዙ ጕድለት ይሸሽጋልና። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭስ ካላቋረጠ ውሃ ወደ ሞተሩ ውስጥ መግባቱ ያሠጋል። የኪሎሜትር መቍጠሪያው ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል ስለሆነ፣ ከእርሱ ይልቅ የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫዎችን፣ የመሪውንና የሾፌሩን መቀመጫ ማለቅ መመልከት የተሻለ ምስክር ነው። በጎማው ጐን ላይ የተጻፉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 3221 የሚል ቢገኝ በ2021 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት የተሠራ መሆኑ ነው። ባትላሜራ ያቀናው አካል በበሮቹና በኮፋኖው መካከል ባለው ክፍተት አለመመጣጠንና በቀለሙ ልዩነት ይታወቃል። ምንጣፉ ሲገለጥ ጭቃ፣ የመቀመጫዎቹ ብሎኖች ላይም ዝገት ቢታይ፣ አውቶሞቢሉ አንድ ጊዜ ጎርፍ ገብቶበት እንደ ነበረ መጠርጠር ይገባል።

ከብረቱ ምርመራ ቀጥሎ የወረቀቱ ይመጣል። አሥራ ሰባት ፊደላትና አኃዞች ያሉት የሻንሲ ቍጥር በአውቶሞቢሉ ላይ እንደ ተቀረጸው ሆኖ በሊብሬው ላይ መገኘት አለበት። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩ፣ ቀረጡ የተከፈለበት ወይስ በቀረጥ ነፃ መብት የገባ መሆኑ ከመሥሪያ ቤቱ ተጣርቶ ሳይታወቅ ቀብድ መስጠት አይገባም። በነፃ መብት የገባውን የገዛ ሰው፣ ሌላው ያልከፈለው ቀረጥ በእርሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ስለ ኤሌክትሪኩ

የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለደጋ ከተማ የሚስማማ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለሆነች፣ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከአየሩ መሳሳት የተነሣ ከጕልበቱ አምስተኛ እጅ የሚሆነውን ያጣል። የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን አየር ስለማይሻ ጕልበቱ አይቀነስበትም። ዘይት መለወጥ የለበትም፤ ቍልቍለት ሲወርድም ሞተሩ እንደ ፍሬን ሆኖ እየያዘ ለባትሪው ኀይል ስለሚመልስ የፍሬን ሸራው ቶሎ አያልቅም። ኀይሉም በአብዛኛው ከአገሪቱ ወንዞች የሚመነጭ ነው፤ ታላቁ የኅዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል።

ይሁን እንጂ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን አይገባም። ከዋጋው ሲሶ ገደማ የሚሆነው የባትሪው ነው። ባትሪውም ባለፈው ዘመን እንዴት እንደ ተያዘ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ ጥቂት ዓመት ያገለገለውን የሚገዛ ሰው፣ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው ስንት ከመቶ እንደ ቀረው በመመርመሪያ መሣሪያ ማስለካት አለበት። ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ ለባትሪው የስምንት ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ይሁን እንጂ ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በሌላ መንገድ ለመጣ አውቶሞቢል ዋስትናው በኢትዮጵያ ላይጸና ስለሚችል፣ ሻጩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። ባትሪው ከወለሉ በታች የተዘረጋ በመሆኑም፣ በኮብልስቶንና በጥርጊያ መንገድ የተፈገፈገ ወይም የተጐዳ አለመሆኑን ከሥር አንሥቶ ማየት ይገባል።

የመሙያውም ነገር እንዲሁ ነው። በ220 ቮልትና በ10 አምፔር የሚሠራ የቤት ሶኬት 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘውን ባዶ ባትሪ ለመሙላት ከ20 ሰዓት በላይ ይወስድበታል። በቀን 50 ኪሎሜትር ብቻ ለሚነዳ ሰው ግን ያንን ለመተካት አራት ሰዓት ገደማ ስለሚበቃ፣ ሌሊቱ ከበቂ በላይ ነው። የቻይናና የአውሮፓ መሙያዎች መሰኪያቸው የተለያየ ስለ ሆነ፣ በሚዘወተርበት መንገድ ያለው ጣቢያ የትኛውን እንደሚቀበል አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

የነጋዴው ሒሳብ

በዓመት 15,000 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው በመቶ ኪሎሜትር 9 ሊትር በሚጠጣ የቤንዚን አውቶሞቢል 1,350 ሊትር ያስፈልገዋል። በመቶ ኪሎሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጀው የኤሌክትሪኩ 2,400 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ በመሙላት ጊዜ የሚባክነው ሲታከልበትም ወደ 2,650 ይደርሳል። ገዢው እነዚህን በዕለቱ የነዳጅና የኤሌክትሪክ ዋጋ አባዝቶ ልዩነቱን ይመልከት።

ከዚህም ጋር ብዙዎች የሚረሱት አንድ ወጪ አለ። አንዱ አውቶሞቢል ከሌላው በ1,000,000 ብር የሚበልጥ ቢሆንና ገንዘቡ ከሱቁ የሚወጣ ቢሆን፣ ያ ገንዘብ በዓመት አራት ጊዜ ተገላብጦ በየጊዜው 5 ከመቶ የሚያተርፍ ከነበረ፣ ነጋዴው በየዓመቱ 200,000 ብር ትርፍ ያጣል። በነዳጅ የሚቆጥበው ከዚህ ካልበለጠ፣ ውድ የሆነው አውቶሞቢል ለእርሱ አላዋጣውም ማለት ነው። ከዚያ ላይ መድን፣ ጎማና መለዋወጫ ይታከላሉ። ለኮሮላ የሚሆን መለዋወጫ በሶማሌ ተራ በቀላሉ ሲገኝ፣ አዲስ ለመጣ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የተሰበረ መብራት ወይም የተቀጠቀጠ በር ከውጭ አገር እስኪመጣ መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። አውቶሞቢሉ በጋራዥ የሚቆምበትም ቀን በሒሳብ መግባት አለበት።

ይህ ሁሉ ከተመዛዘነ በኋላ ምርጫው ለእያንዳንዱ ቤት የተለየ ይሆናል። የራሱ ግቢና ሶኬት ያለው፣ ከቤቱ ወደ ሱቁ፣ ከሱቁ ወደ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ሰው፣ ዋስትናው የጸና የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ቢገዛ ይጠቀማል። በኪራይ ቤት ወይም በኮንዶሚኒየም የሚኖርና መሙያ የሌለው፣ ወይም ለንግዱ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ወርዶ እየወጣ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ግን፣ በታመነ መካኒክ የተመረመረና ወረቀቱ የጸዳ የቤንዚን አውቶሞቢል ቢይዝ ይሻለዋል። ሁለቱም ቢሆኑ ለዕቃ መግዣ ከተመደበው ገንዘብ ላይ እንዳያነሡ መጠንቀቅ አለባቸው። አውቶሞቢሉ ቤተሰቡን ወደ ሱቁ ሊያደርስ የሚጠቅመው፣ ሱቁ በዕቃ ተሞልቶ ሲቈያቸው ነውና።