ባለ መኪናው በገዛ እጁ ሊፈጽመው ስለሚገባው ጥገና

በአውሮፓና በአሜሪካ ትንንሽ የስፖርት አውቶሞቢሎች ያሏቸው ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው ኮፈኑን ከፍተው ካንዴላ ሲነቅሉ፥ ዘይት ሲለውጡና ፍሬን ሲያስተካክሉ መዋልን እንደ መዝናኛ ይቈጥሩታል። መኪናው ለደስታ የተገዛ ስለ ሆነ ቢበላሽ እንኳ የዕለቱ ሽርሽር ከመቅረቱ በቀር የሚደርስ ጉዳት የለም። በነገሌ ቦረና፥ በያቤሎ፥ በሜጋና በሞያሌ እንዲህ ላለው መኪና መንገዱ አይመቸውም፤ ሆዱ ለመሬት የቀረበ በመሆኑ አንድ ቀን የቦረናን ድንጋይ ቢቀምስ ካርተሩ ተቀዶ ይቀራል። ሆኖም መኪናን በገዛ እጅ የመጠበቅ ልማድ ከስፖርት አውቶሞቢል ባለቤት ይልቅ ለላንድክሩዘር፥ ለፒክአፕና ለአይሱዙ ባለቤት እጅግ ያስፈልገዋል። ከነገሌ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ ኦዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ፍየልና በግ የጫነ ካሚዮን በአንድ የተበጠሰ ቺንጋ ምክንያት ፀሐይ ላይ ቢቆም፥ ነጋዴው የሚከፍለው የቺንጋውን ዋጋ ብቻ አይሆንም። በጥማት የሚሞተው፥ የሚከሳውና የገበያ ቀን የሚያልፍበት እንስሳ ሁሉ ከሒሳቡ ይገባል።

ነገሩ ይበልጥ እንዲታሰብበት የሚያደርግ ሌላም ምክንያት አለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ፈቀደ፥ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መለዋወጫ የሚያስመጣው ነጋዴ የዚህን ትርጉም ከማንም አስቀድሞ ዐውቆታል። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ መኪና በእጁ ያለ ሰው እንግዲህ ያንኑ መኪና ለረጅም ዘመን ማቆየት ግድ ሆኖበታል።

ሞተር ለዚህ ቆላ እንግዳ አይደለም። በጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር ከዶሎ ተነሥቶ በገናሌ ዶርያ የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት ካጠቃ በኋላ ነገሌን የያዘው በካሚዮን እየተጓጓዘ ነበር። ወራሪው ሲሄድ የጋራዡ ቋንቋ ቀረ። ዛሬ ባሌስትራ፥ ፍሪሲዮን፥ ካንዴላ፥ ኩሽኔታ፥ ካቻቢቴ እያለ የሚያዝዘው መካኒክ ጣሊያንኛ መናገሩ ትዝ አይለውም። ባለ መኪናው ከእነዚህ ስሞች ዋና ዋናዎቹን ዐውቆ እያንዳንዱ ዕቃ የት እንዳለ በጣቱ ለማመልከት ካልቻለ፥ የተነገረውን ሁሉ አምኖ ከመክፈል በቀር ሌላ ምርጫ አይኖረውም።

በቆላ የሞተር የመጀመሪያ ጠላት ሙቀት ነው። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ነገሌ ከባሕር ጠለል ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ በእርሷ ዘንድ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተር ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ሲሠራ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ጠባብ ስለ ሆነ፥ የራዲያተሩ ክዳን በውስጡ ግፊት አምቆ በመያዝ ውኃው የሚፈላበትን ደረጃ ወደ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ የክዳኑ ጎማ የደረቀ ወይም የውስጡ ሽቦ የላላ እንደ ሆነ፥ ራዲያተሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ እንኳ መኪናው ይፈላል። ብዙ ባለ መኪና ራዲያተር ያስበይዳል፥ የውኃ ፓምፓም ያስለውጣል፤ ዋጋው ከሁሉ የሚያንሰውን ክዳን ግን ገልብጦ አያየውም። ክዳኑን ሞተሩ እንደ ሞቀ መክፈት ክፉ አደጋ አለው። ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ውኃው ወዲያው እንፋሎት ሆኖ ፊትንና እጅን ይልጣል። ሞተሩ ጠፍቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት፥ ከዚያም የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲነካ መብረዱን አረጋግጦ በወፍራም ጨርቅ ቀስ እያሉ መክፈት ይገባል። ውኃው አልቆ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መጨመርም ቴስታውን ይሰነጥቃል።

ከቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች የሚቀዳው ውኃ ለከብቱ ሕይወት ነው፤ ለራዲያተር ግን አይስማማም። በማንቆርቆሪያ ውስጥ እየተጋገረ የሚቀረው ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥም ይጋገራል፤ ከጊዜ በኋላም መተላለፊያውን ይደፍነዋል። በመንገድ ላይ ሌላ ከጠፋ የተገኘውን ንጹሕ ውኃ መጨመር ሞተር ከማቃጠል ይሻላል፤ ከተማ ሲደርሱ ግን አፍስሶና አጥቦ፥ ዲስትልድ ውኃና የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ እኩል በእኩል ቀላቅሎ መሙላት ያሻል። ይህ ፈሳሽ ለብርድ አገር ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው አሉ። የመፍያውን ደረጃ ስለሚያሳድግና ዝገትን ስለሚከላከል ጥቅሙ በዶሎ ኦዶም ያው ነው።

አንድ መጥፎ ልማድም በዚሁ ሊነሣ ይገባል። መኪና ሲፈላ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በቆላ ጋራዦች እንደ መድኃኒት ተቈጥሯል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚከለክል፥ ሲሞቅም የሚከፍት ትንሽ በር ነው። ተበላሽቶ ተዘግቶ ቢቀር በእርግጥ ያፈላል፤ መፍትሔው ግን በአዲስ መለወጥ ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ይኸው ዕቃ ሲከፈት ሌላውን አቋራጭ መንገድ ስለሚዘጋ፥ የወጣ እንደ ሆነ ውኃው በአቋራጩ እየተመላለሰ ሳይበርድ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ መኪናውም ከቀድሞው ይልቅ ይፈላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የራዲያተሩን ፊት ማየት ይቀድማል። የሣር ፍሬ፥ አቧራና የሞተ አንበጣ ቀዳዳዎቹን ደፍኖት ከሆነ፥ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ውኃ በዝግታ እያፈሰሱ ማጠብ ለባለ መኪናው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

አቧራ ሁለተኛው ጠላት ነው። አቧራ የጠገበ የአየር ፊልትሮ ሞተሩን ያፍነዋል፤ ጥቁር ጭስ ያስወጣል፥ ናፍጣም ያስበላል። የተቀደደው ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው፤ ደቃቁ አሸዋ ገብቶ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የወረቀቱ ፊልትሮ የሚጸዳው ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ አየር በመንፋት ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ የነፋ ሰው አቧራውን ይበልጥ ቀረቀረው እንጂ አላጸዳውም። በቤንዚን ማጠብም ሆነ በድንጋይ ላይ መጨፍለቅ አይገባም። ከጸዳ በኋላ አምፖል በውስጡ አብርቶ በጨለማ ቦታ ማየት ጥሩ ነው፤ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብርሃን ያፈተለከበት ፊልትሮ ይጣል።

በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ውኃና ዝቃጭ አያጣም። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ጀሪካኑ ሌሊቱን ሳይነቃነቅ ቢያድር ወደ ታች ይወርዳል። ጠዋት ከላይ ያለው በጨርቅ ተጠልሎ ወደ ሰልባትዮ ይገለበጣል፤ የታችኛው ጥቂቱ ይቀራል። ከናፍጣ ፊልትሮው በታች ያለችውን ማፍሰሻ በየሳምንቱ ጥቂት ላላ አድርጎ የተጠራቀመውን ውኃ ማውጣትና በእጅ በሚጫነው ትንሽ ፓምፓ አየሩን ማስወጣት ባለ መኪናው ሊማረው የሚገባ ነው። መኪናው ናፍጣ ጨርሶ ቆሞ ከሆነ ይህን የማያውቅ ሾፌር ባትሪው እስኪሞት ሞተሪኖውን ሲያስጮኽ ይውላል።

ስለ ባትሪ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሙቀት ውኃውን ስለሚያተንነው በየ15 ቀኑ ከፍቶ ማየት፥ ከጎደለም ሰሌዳዎቹን ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር እስኪሸፍን ዲስትልድ ውኃ መጨመር ይበቃል፤ አሲድ አይጨመርም። ሲፈታ የኔጋቲቩ ገመድ በመጀመሪያ ይወጣል፥ ሲታሰርም በመጨረሻ ይታሰራል። በራሱ ላይ የበቀለው ነጭ ዱቄት በሶዳ ውኃ ታጥቦ ግራሶ ቢቀባ አይመለስም። በዚያው አጋጣሚ ቺንጋውን በአውራ ጣት መጫን፥ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ የረገበ ወይም ጠርዙ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ ከከተማ ሳይወጡ መለወጥ ነው።

ጎማ መለካት ያለበት ጠዋት ሳይሞቅ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የላንድክሩዘር ጎማ ግፊት በ0.1 ባር ያህል ይጨምራል። እኩለ ቀን ላይ ቆሞ «ጎማው አበጠ» በማለት አየር የሚቀንስ ሾፌር ሲበርድ የጎደለ ጎማ ይዞ ይቀራል። የጎደለ ጎማ ጎኑ እየታጠፈና እየተዘረጋ ስለሚግል፥ በቆላ መንገድ የሚፈነዳው አብዛኛው ጎማ አየር ያነሰው ነው። ጎማ ከተለወጠ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዙ ቆሞ ዳዶዎቹን እንደ ገና ማጥበቅ ግድ ነው። መንገዱ እንደ ማጠቢያ ሰሌዳ የተሸበሸበ በመሆኑ የባሌስትራ ቡሎኖችም ይላላሉ፤ እነርሱን ለማወቅ በመዶሻ ቀስ አድርጎ መምታትና ድምፁን ማድመጥ ይበቃል። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፥ የላላው ይነፍሳል። በሜጋ አቅራቢያ በኤል ሶድ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ካለው ሐይቅ የሚወጣውን ጨው የሚጭኑ ነጋዴዎች ደግሞ ከእያንዳንዱ ጭነት በኋላ የመኪናውን ሥር በንጹሕ ውኃ ማጠብ አለባቸው። ሻንሲውና የፍሬን ቧንቧው በጨው የሚበላው በዓይን ሳይታይ ነው።

በባለ መኪናው እጅ የማይነኩም አሉ። የፍሬን ሲሊንደር፥ የመሪ መያዣ፥ የናፍጣ መርጫ ፓምፓና ካምቢዮ ለሠለጠነ መካኒክ ይተዉ። ባለቤቱ የፍሬን ዘይቱን መጠን ያይ፤ ሲጎድል ግን ምክንያቱን ሳያስመረምር መጨመር ብቻ አይበቃውም። በፍሬን ዘይት ፈንታ የሞተር ዘይት መጨመር ጎማዎቹን ሁሉ አሳብጦ በአንድ ቀን ፍሬን ያሳጣል፤ ይህ በመንገድ ላይ በችግር ምክንያት የሚፈጸም ስለ ሆነ አንድ ትንሽ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ሁልጊዜ በመኪናው ውስጥ ቢኖር ነፍስ ያድናል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥርም ማንም አይግባ፤ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግ፥ ጎማውም በድንጋይ ይታገት።

በእነዚህ ከተሞች ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች ከዚህ ሁሉ የራሳቸውን ድርሻ ሊያዩ ይችላሉ። ገበያ የሚያገኘው ዕቃ ትንሹና ቶሎ የሚያልቀው ነው፤ ይኸውም ቺንጋ፥ የራዲያተር ክዳንና ቱቦ፥ ቴርሞስታት፥ የአየርና የናፍጣ ፊልትሮ፥ ዲስትልድ ውኃ፥ የፍሬን ዘይት። ከሐዋሳ ወይም ከአዲስ አበባ አንድ ፊልትሮ እስኪመጣ ሁለት ቀን የሚጠብቅ ባለ ካሚዮን እዚያው ነገሌ ቢያገኘው በዋጋው አይከራከርም። አስመሳይ ዕቃ ግን ደንበኛ ያሳጣል፤ ከመግዛት በፊት የፊልትሮው ወረቀት ዕጥፋቱ የተስተካከለ፥ የጠርዙ ጎማም በጥፍር ሲጫኑት የሚመለስ መሆኑን ማየት ያሻል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ በችርቻሮ አይሸጥ። ጎማና ካላማዳሪ በሱቁ በር ላይ በፀሐይ ተሰቅሎ ለዕይታ መዋሉ ገዢን ቢጠራም ጎማውን ያደርቀዋል፤ ቦታው ጥላና ቀዝቃዛ መሆን አለበት። የጎማውን ዕድሜ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በጎኑ ዶት ከሚሉት ፊደላት በኋላ በመጨረሻ የተጻፉትን 4 አኃዞች ይመልከት፤ 3522 የሚል ከሆነ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ዓመት በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።