በእንተ ነቀዝ

ኅዳር ተጋምሶ ታኅሣሥ ሲቃረብ፥ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፥ ከቡሬም አልፎ ወደ ወንበርማ በተዘረጋው ለም ምድር የበቆሎው አገዳ ደርቆ በነፋስ ሲንኮሻኮሽ፥ ገበሬው የዓመት ድካሙን በፈጣሪው ቸርነት ሰብስቦ ወደ ጎተራው በሚያገባበት ሰዓት፥ ከእህሉ ጋር ማንም ሳይጠራው አብሮ የሚገባ አንድ ፍጥረት አለ፤ እርሱም ነቀዝ ነው። ከሙቀትና ከአቧራ በራሱ የሚፈጠር የሚመስለው ሰው ዛሬም አይታጣም፤ ነገር ግን ነቀዝ ከነቀዝ በቀር ከምንም አይወለድም። ክንፍ ስላለው ከአምናው ጎተራ ተነሥቶ ገና ባልተሰበሰበው ማሳ ላይ ያርፋል፤ ልባሱ ከጫፉ የሳሳውን የበቆሎ ራስ መርጦ ይገባና፥ እኛ በጎተራችን ተጀመረ የምንለውን ጥፋት እርሱ በማሳው ላይ ጀምሮት ይመጣል።

መልኩን ለይቶ ለማወቅ የሚሻ ሰው እጁን ወደ ጆንያው ሆድ አጥልቆ አንድ እፍኝ በቆሎ ይዝገንና ፀሐይ በሚያርፍበት ደጃፍ በነጭ ጨርቅ ላይ ይበትነው። ጥቂት ቆይቶ ከፍሬው መካከል፥ ርዝመቱ ከ4 ሚሊ ሜትር እምብዛም የማያልፍ፥ ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ፥ በጀርባው ላይ ቀላ ያሉ አራት ነጠብጣቦች ያሉበት፥ አፉም እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ፊት የተሳለ ጥንዚዛ ወጥቶ ሲሄድ ያያል። በጣቱ ቢነካው እግሮቹን ሰብስቦ የሞተ ይመስላል፤ ዝም ቢለው ግን ተነሥቶ ወደ ጥላው ይሸሻል። ይህን የበቆሎ ነቀዝ በ1855 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት ሩሲያዊው የሥነ ፍጥረት ሊቅ ሞቹልስኪ ነው፤ የነቀዝ ወገን ከሰው ጎተራ ጋር መተዋወቁ ግን እጅግ የቆየ ስለ ሆነ፥ የቅርብ ዘመዱ የስንዴ ነቀዝ በጥንት ግብፃውያን መቃብር ውስጥ ከእህል ጋር ተገኝቷል።

የነቀዝ ኃይሉ በመሰወሩ ነው። እንስቲቱ በአፏ ፍሬውን ትበሳና በቀዳዳው ውስጥ አንዲት እንቁላል ታኖራለች፤ ወዲያውም ከሰውነቷ በሚወጣ ሙጫ መሰል ነገር ትደፍነዋለች፤ በዚህም ምክንያት ፍሬው ላየው ሁሉ ምንም ያልነካው ጤነኛ ይመስላል። በውስጡ ግን እግር የሌለው ነጭ ትል ተፈልፍሎ ልቡን እየበላ ያድጋል፥ ጊዜው ሲደርስም ጥንዚዛ ሆኖ ግድግዳውን በስቶ ይወጣል። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ገደማ በሆነ ስፍራ ይህ ሁሉ በ5 ሳምንት ያህል ይፈጸማል፤ በደጋው ቅዝቃዜ ይዘገያል። ከቡሬ ዝቅ ብለው በሚገኙት ሞቃት ቀበሌዎች ፈጥኖ መብዛቱ፥ በየትም ቢሆን ከመጋቢት ወዲህ ጥፋቱ ጎልቶ መታየቱ ከዚህ የተነሣ ነው። እህሉን አበጥሮና ነፍቶ የሚታየውን ተባይ ያስወገደ ሰው፥ በየፍሬው ሆድ የተቀመጠውን ትውልድ አልነካውም ማለት ነው። አንድ እፍኝ ፍሬ በውኃ ውስጥ ቢጨምርና ብዙው ቢንሳፈፍ፥ ልቡ እንደ ተበላ ይወቅ።

በጓዳ የሚገኘው ተባይ ሁሉ ነቀዝ ተብሎ ቢጠራም፥ ወገኑን ሳይለዩ መድኃኒት መፈለግ ድካምን ማብዛት ነው። ከጆንያው አፍ ፈዛዛ ገለባማ ቀለም ያላት ትንሽ የእሳት ራት ብትበር፥ ያቺ የእህል ብል ናት፤ አካሏ ደካማ ስለ ሆነ ወደ ጥልቁ አትገባም፥ ጥፋቷ በላይኛው እህል ላይ ይጠናል። ዱቄቱ የሚያስጠላ ሽታ ሲያመጣና ወደ ሐምራዊ ሲያደላ፥ ጠፍጣፋና ቀይ ቡናማ የሆነው የዱቄት ጥንዚዛ ሠፍሮበታል። በሽምብራ ላይ በጥፍር የማይለቅ ነጭ ነጥብ የታየ እንደ ሆነ፥ የተጣበቀ የተባይ እንቁላል ነውና ሽምብራውን ወዲያው ከክቶ ማስቀመጥ ይበጃል፤ ያ ተባይ ድፍኑን ፍሬ እንጂ ክክን እምብዛም አይወድምና። ሌላውን ተባይ ያባርራል ተብሎ ከእህል ጋር የሚደባለቀውን በርበሬ እንኳ የሚበላ ትንሽ ቡናማ ጥንዚዛ አለ፤ በበርበሬዋ የምትታወቀው የቡሬ እመቤት ዛላዋን ሳታስፈጭ ብዙ ጊዜ ስታቆይ ልታስብበት ይገባል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ከእነዚህ ተባዮች ጋር ሲታገሉ የኖሩበትን ጥበብ ስመረምር አክብሮቴ ይጨምራል። ጤፍና ዳጉሳ ፍሬያቸው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ በውስጣቸው ልጁን ሊያሳድግ አይችልም፤ ስለዚህም ዓመታትን ተሻግረው ይቀመጣሉ። ይህን የተረዳ ገበሬ በቆሎውን ወይም ሽምብራውን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ በጎታው ያኖራል፤ ጤፉ በፍሬውና በፍሬው መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ለነቀዙ መንገድ ይነሣዋል፥ በሚፈለግበትም ጊዜ በወንፊት ይለያል። በሚገባ የተነፋ አመድም እንዲሁ የተባዩን ቆዳ ቦርቡሮ የሰውነቱን እርጥበት ያደርቀዋል። ባለሙያዎች በኋላ በምርምር ምክንያቱን የገለጡትን ነገር፥ በጎታና በድብኝት የኖሩት ወላጆቻችን በልምድ ደርሰውበት ነበር።

አሁን ላለው ባለ ቤት የምመክረው ከማድረቅ ይጀምራል። እህሉ መድረቁን ለመፈተን ጥቂት በቆሎ ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ ጨምሮ ደጋግሞ መነቅነቅ ነው፤ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው። አሮጌውን እህል ከአዲሱ አለመቀላቀል፥ ጎተራውን ጥግ ለጥግ ጠርጎ ጥራጊውን ማቃጠል፥ ባዶውን ጆንያም በፈላ ውኃ መንከር ከሁሉ ይቀድማል። በደንብ የደረቀውን እህል አየር በማያስገባ ዕቃ መዝጋት ደግሞ ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ የላቀ ነው። ለዚህ የተሠራው ፒክስ የተባለው ከረጢት፥ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በካሜሩን ለአደንጓሬ መሰል እህል የታሰበ ሲሆን፥ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች በአንድ ማዳበሪያ ውስጥ ገብተው እያንዳንዳቸው ተጠምዝዘው ይታሰራሉ፤ ነቀዙ በውስጡ ያለውን አየር ራሱ ተንፍሶ ይጨርሰውና ያለ አንዳች መርዝ ይሞታል። እርጥብ እህል በዚህ ከታሰረ ግን ይሻግታል፤ ከረጢቱ በአይጥ ከተበሳም ጥቅሙ ይቀራል።

ስለ መርዙ ክኒን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ፎስቶክሲን በመባል የሚታወቀው ክኒን ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ጋዝ ነቀዝን እንደሚገድል ሁሉ ሰውንም ይገድላል፤ ለሚመረዝበት ሰውም ማርከሻ የለውም። በአንዲት ጭቃ ቤት እህሉ ከመኝታው አጠገብ በተከመረበት ይህን ክኒን በጆንያ ውስጥ ጥሎ መተኛት ራስን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። ስለዚህ እናንተ የጓዳው ባለ አደራዎች፥ በክኒን መጠቀም ግድ ቢሆንባችሁ እንኳ ሰው ከሚያድርበት ቤት ርቆ በሚገኝ ስፍራ፥ የግብርና ባለሙያ ባለበት ይሁን፤ ልጆች በሚተኙበት ቤት ግን ከቶ አታስገቡት።