ከጂኤ እስከ ፕሮፌሰር፦ የወጣት መምህራን ጥያቄ ከየት መጣ?

ከመገናኛ በላምበረት ወደ ወሰንና ኮተቤ በሚወስደው መንገድ፣ ማታ ታክሲ ከሚጠብቀው ሕዝብ መካከል ቀን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ከሥራ በኋላ በግል ኮሌጅ ሲያስተምር የዋለ ወጣት መምህር አይጠፋም። የዚህን መምህር የኑሮና የሙያ ዕድገት ጥያቄ ሥር ለማየት ከሰፈሩ መራቅ አያስፈልግም። የኮተቤ መምህራን ኮሌጅ መጀመሪያ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ሲባል፣ በደንብ ማስተማር ይበቃው የነበረ ሰው እንዲመራመርና እንዲያሳትም ይጠየቃል።

በአገር ደረጃም ነገሩ ያው ነው። በ1980ዎቹ ማብቂያ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ከ40 በላይ ናቸው። ሕንፃ በሦስት ዓመት ይቆማል፣ ዶክተር ግን በሦስት ዓመት አይደርስም። ወጣቱን ሊያሳድጉ ከሚችሉት ነባር ምሁራን መካከልም ከ40 በላይ የሚሆኑት በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ጊዜ ተባረዋል። ክፍተቱን የሞላው ጥሩ ውጤት ይዞ የተመረቀ ልጅ ነው፤ ትናንት ተማሪ፣ ዛሬ ጂኤ (ግራጁዌት አሲስታንት)።

ጂኤው ሁለተኛ ዲግሪ ሲይዝ ሌክቸረር፣ ሦስተኛውን ሲጨርስ ረዳት ፕሮፌሰር ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለ ፕሮሞሽን ያለ ፐብሊኬሽን አይታሰብም። ለትምህርት ሲላክ ተመልሶ ሊያገለግል ውል ይፈርማል፣ ዋስም ያቀርባል። ዋሱ ብዙ ጊዜ አጎት ወይም የልብ ጓደኛ ነው፤ ሥራው ሲመርረው እንኳ ጥሎ መሄድ የማይቀልለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ወጣቱን መምህር እንቅልፍ የሚነሳው ደመወዙ ብቻ አይደለም።

ደመወዙ ግን ትንሽ ጉዳይ አይደለም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሥራ ያቆሙት በደመወዝና በጥቅማጥቅም ጥያቄ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ሲመጣ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የቤት ኪራዩን በፓርት ታይም የሚሸፍን ሌክቸረር የምርምር መጽሔት ጽሑፉን ለማተም በዶላር ክፍያ ሲጠይቀው ምን ይበል? ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች እንደ ኢትዮጵያ ላሉ ዝቅተኛ ገቢ አገሮች ጸሐፊዎች ክፍያውን ያነሣሉ። ይህን የሚነግረው ነባር መምህር ያጣ ወጣት ግን ገንዘብ ተቀብሎ ያቀረቡለትን ሁሉ በሚያትም መጽሔት እጅ ይወድቃል።

ስለዚህ ደመወዝ ይጨመር፣ አዎ። ከዚያ ጋር ዩኒቨርሲቲዎች የጂኤውን የመጀመሪያ ዓመታት የማስተማር ጭነት ይቀንሱለት፤ የሚያማክረው ነባር መምህርም በስም ይመደብለት፤ ለነባሩም ይህ ሥራ እንደ አንድ ኮርስ ተቆጥሮ ይያዝለት።