የመኖር ዘመንና ዜግነት፤ በሆሳዕናና በከምባታ ከተሞች ተወላጆች ዘንድ

ሰው በተወለደበት አገር ዜግነትን የሚያገኘው ያለ ድካም ነው። ወደ ሌላ አገር ሄዶ ሲቀመጥ ግን ዜግነት ዓመት እየተቈጠረ የሚገኝ ነገር ይሆናል። «መኖር» የሚለው ቃል ግን በሕግ መጽሐፍና በሰው ኑሮ ውስጥ አንድ ዓይነት ትርጕም የለውም። ይህ ልዩነት በግልጥ ከሚታይባቸው ሥፍራዎች አንዱ ሆሳዕናና በዙሪያዋ ያሉት የሐድያና የከምባታ ከተሞች ናቸው። ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከሺንሺቾና ከየገጠሩ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪቃ ሄደው፣ ከእነርሱም አያሌዎቹ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ተቀምጠዋል። ጥያቄው ይህ ሁሉ ዘመን በማን ዘንድ ይቈጠራል የሚለው ነው።

እንግዳን በመኖሩ ብዛት የአገር ሰው ማድረግ ለዚህ አገር ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። በከምባታ የቃል ታሪክ በሐምበሪቾ ተራራ ዙሪያ መጀመሪያ የሰፈሩት ሰባት ጐሣዎች እንደ ሆኑ ይነገራል፤ «ሐምበሪቾ ላማላ» የሚለውም ስም ሰባትነታቸውን ያመለክታል። ከዚያ በኋላ ግን ከየአቅጣጫው የመጡ ብዙ ጐሣዎች ተጨምረው ከምባታ ሆነዋል። ነገሥታቱ የወጡበት የኦያታ ጐሣ እንኳ ከሌላ አገር የመጣ ነው ተብሎ ይተረካል። የሐድያም ሕዝብ ቢሆን ብዙዎቹ ቅድመ አያቶቹ ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ከምሥራቅ ተነሥተው፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተሻገሩ ዛሬ ካሉበት የደረሱ ናቸው። እንግዲህ በዚህ አገር የአገሬው ሰው መሆን ከመጀመሪያው መገኘትን ብቻ የሚጠይቅ አልነበረም። አብሮ ማረስ፣ መጋባት፣ ለቅሶ መድረስና ሬሳን በዚያው ምድር መቅበር እንግዳውን ባለ አገር ያደርጉት ነበር።

ለሥራ ብሎ ከቤት መውጣትም እንዲሁ የቈየ ልማድ ነው። አገሩ ሕዝብ የበዛበትና የእንሰቱ ቦታ የጠበበ ስለ ሆነ፣ አባት ለወንዶች ልጆቹ ሁሉ የሚበቃ መሬት ማካፈል አይችልም። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ከከምባታና ከሐድያ ብዙ ጐልማሶች ሸንኮራ ለመቍረጥ ወርደዋል። ወንጂ የሄደ ሰው ግን ርቆ ቢቀመጥም ከኢትዮጵያ አልወጣም፤ ልቡ ሲነሣሣ ያለ ማንም ፈቃድ ተመልሶ አባቱን ይቀብር ነበር። የደቡብ አፍሪቃው መንገድ ከዚህ የሚለየው በርቀቱ ብቻ ሳይሆን በመካከል በገባው የሕግ ወረቀት ነው።

ይህ መንገድ የተከፈተው በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ነው። ለመሄዱ ምክንያት የሆኑት የመሬት ጥበት፣ የሥራ እጦትና ቀድሞ የሄደ ወንድም የሚልከው ገንዘብ ናቸው። በሞያሌ ወጥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ ወይም በዚምባብዌ በኩል የሚያልፈው ጕዞ ብዙ ሰው ፈጅቷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በሚባል አውራጃ 64 ኢትዮጵያውያን በአንድ የጭነት ሣጥን ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ በሉሳካ ከተማ ዳር የ27 ሰዎች ሬሳ መንገድ ላይ ተጥሎ ተገኝቷል።

በሕይወት የደረሰው ሰው በመጀመሪያ የሚሠራው ዕቃ እየተሸከመ ከቤት ቤት መሸጥ ነው። ጥቂት ገንዘብ ሲይዝ ጥቍሮች በሚኖሩበት ሰፈር፣ ስደተኞቹ «ሎኬሽን» በሚሉት፣ «ስፓዛ» የሚባል ትንሽ ሱቅ ይከፍታል። ለሱቁ የሚሆነውን ዕቃ ብዙዎች የሚያመጡት ከዮሐንስበርግ፣ ኢትዮጵያውያን «ጄፒ» ብለው ከሚጠሩት የንግድ ሰፈር ነው። በ2000 ዓ.ም. በግንቦት ወር ከ60 በላይ ሰዎች የሞቱበት በመጻተኞች ላይ የተነሣው ሁከት፣ ከዚያም በ2007 እና በ2011 ዓ.ም. የተደገመው፣ ሱቅ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ በአገሩ ሕግ የታወቀ ነዋሪ መሆን ለእነዚህ ሰዎች የክብር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የንብረትና የሕይወት ዋስትና ነው።

የደቡብ አፍሪቃ ሕግ ወደ ዜግነት የሚያደርሰውን መንገድ በደረጃ በደረጃ ከፍሎታል። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የስደተኞች ሕግ እንደሚያዝዘው፣ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው በመጀመሪያ በየጊዜው የሚታደስ ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጠዋል። ጕዳዩ ተመርምሮ ስደተኛ ነው ሲባል ሌላ ወረቀት ይቀበላል። ከዚያም ስደተኛ ተብሎ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ የተወሰነ ዘመን ሳያቋርጥ ሲኖር የዘለቄታ መኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ ይችላል። ይህ ዘመን በፊት 5 ዓመት ነበረ፤ ከጥር 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን 10 ዓመት ሆኗል። ዜግነት የሚጠየቀው የዘለቄታ መኖሪያ ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ነው። ለዚህም የ1995 እ.ኤ.አ. የዜግነት ሕግ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. እንደ ተሻሻለው፣ ቢያንስ 5 ዓመት ያልተቋረጠ መኖርን፣ መልካም ጠባይን፣ ከአገሩ የመንግሥት ቋንቋዎች አንዱን ማወቅንና የዜግነትን መብትና ግዴታ መረዳትን ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የቍጥሩ መነሻ ነው። ዓመቱ የሚቈጠረው ሰውዬው ድንበሩን ከተሻገረበት ቀን ሳይሆን ስደተኛ ተብሎ ከታወቀበት ቀን ነው። ለምሳሌ ያህል በ2006 እ.ኤ.አ. የገባ ሰው ጊዜያዊ ወረቀቱን እያሳደሰ ዐሥር ዓመት ቢቀመጥና በ2016 ስደተኛ ቢባል፣ ያለፈው ዐሥር ዓመት በሕግ ፊት እንዳልኖረ ይሆናል። አምስተኛው ዓመት በ2021 ይሞላል ብሎ ሲጠብቅም ቍጥሩ ወደ ዐሥር ከፍ ስላለ፣ እስከ 2026 ይጠብቃል። ሱቅ የከፈተበት፣ ቋንቋ የተማረበትና ልጅ የወለደበት ዘመን ሁሉ በዚያ ውስጥ አለ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይልቅ የከበደ ነው። በስደተኛነት የዘለቄታ መኖሪያ የሚጠይቅ ሰው ለሁልጊዜ ስደተኛ ሆኖ እንደሚቀር የተመደበው የሥልጣን ክፍል ሊመሰክርለት ይገባል። ወደ ሸሸው አገር በፈቃዱ ተመልሶ የገባ፣ ወይም የመንግሥቱን ጥበቃ መልሶ የጠየቀ ሰው ግን ስደተኛነቱን ሊያጣ ይችላል። እንግዲህ ሕጉ ከሰውዬው የሚጠብቀው አገሩ ሊመለስበት የማይችል እንደ ሆነ ነው። ሰውዬው ግን የሚደክመው በሆሳዕና ቤት ለመሥራት፣ ለእናቱ ቀለብ ለመላክና ታናሽ ወንድሙን ለማስተማር ነው። እናቱ ባረፈች ጊዜ ለቅሶ ለመድረስ ቢነሣ ብዙ ዘመን የጠበቀውን ወረቀት በአንድ ጕዞ ያጣዋል፤ ቢቀር ደግሞ በአገሩ ልማድ እናቱን ያልቀበረ ልጅ ይባላል። ዘመዱ ለቅሶውን በሌለበት ይቀመጥለታል፤ እርሱም በዮሐንስበርግ ከአገሩ ልጆች ጋር ድንኳን ጥሎ ያለቅሳል።

እነዚህን ሁሉ አልፎ ከዜግነት በር የደረሰ ሰው ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል። የደቡብ አፍሪቃ ሕግ፣ አመልካቹ የመጣበት አገር ሁለት ዜግነት የማይፈቅድ እንደ ሆነ፣ የቀድሞውን ዜግነት መተዉን በማስረጃ እንዲያሳይ ያዝዛል። ኢትዮጵያም ሁለት ዜግነትን አትፈቅድም። የሐምሌ 1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ ይህንኑ ደንግጎ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 378ም በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያን ዜግነት በፈቃዱ እንደ ተወ ይቈጠራል ይላል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 270 ለእንደዚህ ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ መግባትንና ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን ፈቅዶለታል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። በሕገ መንግሥቱ መሬትን በነጻ የማግኘት መብት የተሰጠውም ለኢትዮጵያዊው አርሶ አደር ነው። ከዚህም የተነሣ በእንሰት ጓሮ ተወልዶ ያደገ ሰው የሌላ አገር ዜግነት ሲይዝ ከምን እንደሚለይ ቤተ ዘመዱ በጥንቃቄ ይመዝነዋል።

ይህ የኢትዮጵያን ሕግ ብቻ የሚያስነቅፍ፣ ወይም ደቡብ አፍሪቃን በልዩ ጭካኔ የሚያስከስስ አይደለም። ኢትዮጵያ ራሷ ለእንግዳ ዘመን ትቈጥራለች። በ1922ቱ ሕግ እንግዳው 5 ዓመት በአገሩ መቀመጥና አማርኛን አጣርቶ ማወቅ ነበረበት። በ1996ቱ አዋጅ ዘመኑ ወደ 4 ዓመት ዝቅ ብሏል፤ ቋንቋውም ከኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች አንዱ ቢሆን ይበቃል። ስለዚህ ሐድይኛ ወይም ከምባትኛ የሚናገር እንግዳ በሕግ ፊት የቋንቋውን ግዴታ ሊያሟላ ይችላል። መንግሥት ሁሉ ዓመት የሚቈጥረው የእንግዳውን ልብ ለማየት ሌላ መስፈሪያ ስለሌለው ነው።

የልጆች ነገር ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው። በደቡብ አፍሪቃ ከውጭ አገር ወላጆች የተወለደ ልጅ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እስከ 18 ዓመቱ በዚያው ከኖረና ልደቱ በመዝገብ ከተጻፈ፣ ዜግነት ለመጠየቅ ሕግ ይፈቅድለታል። በዚህም ምክንያት አባት በስደተኛ ወረቀት ሳለ ልጁ ቀድሞት ዜጋ ሊሆን ይችላል። የልደት ወረቀት ማውጣት በብዙ ቤት ከሱቅ ኪራይ እኩል የሚታሰበው ስለዚህ ነው። ልጁ ግን የሆሳዕናን ቤት የሚያውቀው በፎቶግራፍ ነው፤ የአያቱንም ቋንቋ የሚሰማው በስልክ ነው።

በአማርኛ ምሳሌ እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ ይሆናል ይባላል። የመንግሥታት ሕግ የሚሄደው በተቃራኒው ነው፤ እንግዳውን በመጀመሪያ እንደ ጨርቅ ተቀብሎ በዘመን ብዛት ወርቅ አደርግሃለሁ ይላል። በሐምበሪቾ ግርጌ የተቀመጠው የጥንቱ እንግዳ ከጐረቤቱ ጋር ሲያርስና ሲያለቅስ ዓመቱ ራሱ ይቈጠርለት ነበር። የዛሬው ልጁ በሩቅ አገር ዓመቱን የሚቈጥረው በወረቀት ላይ በሚመታ ማኅተም ነው፤ ማኅተም ያልተመታበት ዓመት ኑሮ ቢሆንም ዘመን አይባልም። በሆሳዕና በወንድሞች ገንዘብ የተሠሩት ቤቶች፣ አብዛኞቹ ባለቤታቸው ሳይገባባቸው የሚከራዩት፣ ይህን ያልተቈጠረ ዘመን የሚመሰክሩ ናቸው።